አብራሪ ሲጠፋ መስፈርቱ ይላላ?

በአሜሪካ የመንገደኞች አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆኖ ለመቀጠር በመሠረቱ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ግን ሥልጠናውን የጨረሰ ወጣት 200 ሰዓት ገደማ ይዞ በትልቅ ጄት የረዳት አብራሪ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ልዩነቱ ከየት መጣ? የአብራሪ እጥረት ሲመጣስ የትኛው መስፈርት ይነካ? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የ1,500 ሰዓት መነሻ

በፌብሩዋሪ 2009 የኮልጋን ኤር በረራ 3407 በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ተከስክሶ 50 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ፍጥነት እያጣ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ዋና አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ ሲገባው ወደ ላይ ሳበው። ምርመራው ዋና አብራሪው ቀደም ሲል የበረራ ፈተናዎች ወድቆ እንደነበር አሳየ፤ የአብራሪዎች ድካምና የረዳት አብራሪዋ ዝቅተኛ ደመወዝም መነጋገሪያ ሆኑ።

የሟች ቤተሰቦች ባደረጉት ግፊት ኮንግረስ በ2010 ሕግ አወጣ። ከ2013 ጀምሮ ለረዳት አብራሪ ይበቃ የነበረው 250 ሰዓት 1,500 ሆነ፤ ከውትድርና ለሚመጡ 750፣ በአቪዬሽን ዲግሪ ላላቸው 1,000። ይሁንና የኮልጋኑ አውሮፕላን አብራሪዎች ሁለቱም ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው።

እጥረቱ እንዴት ይፈጠራል?

በአሜሪካ ሥልጠናው ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠይቃል፤ ብዙዎች የሚከፍሉት በብድር ነው። ፈቃድ ካገኙ በኋላ ሰዓት ለመሙላት አብዛኞቹ በትንሽ አውሮፕላን ጀማሪዎችን ያስተምራሉ። ከዚያ አነስተኛ የአገር ውስጥ አየር መንገድ ይቀጥራቸዋል፤ ከዓመታት በኋላ ትልልቆቹ ይወስዷቸዋል።

ሰንሰለቱ የሚናጋው ከላይ ነው። የአየር መንገድ አብራሪ በ65 ዓመቱ የግድ ጡረታ ይወጣል። በ2020 ኮቪድ በረራን ሲያቆም ደግሞ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ለአንጋፋ አብራሪዎቻቸው የቅድመ ጡረታ ጥቅም ሰጥተው አሰናበቱ። መንገደኛው ተመልሶ ሲመጣ ከትንንሾቹ ቀጠሩ፤ ትንንሾቹም አስተማሪዎቹን ወሰዱ። ትንንሽ ከተሞች በረራ አጡ፤ አዲስ አብራሪ የሚያሠለጥነውም ቀነሰ።

መፍትሔ ተብሎ የተሞከረው

ዴልታ አየር መንገድ በጃንዋሪ 2022 የአራት ዓመት ዲግሪን ከግዴታ ወደ ተመራጭነት አወረደ። ከአነስተኛዎቹ አየር መንገዶች አንዱ የሆነው ሪፐብሊክ ኤርዌይስ በራሱ ትምህርት ቤት ያሠለጠናቸውን በ750 ሰዓት ለመቅጠር ፈቃድ ጠየቀ፤ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በዚያው ዓመት ውድቅ አደረገው። የጡረታ ዕድሜን ከ65 ከፍ የማድረግ ሐሳብም በ2024 በወጣው የአቪዬሽን ሕግ ውስጥ ሳይገባ ቀረ።

የአሜሪካን ኤርላይንስ ተቀጥላ ኩባንያዎች ግን በ2022 የጀማሪ ረዳት አብራሪ ክፍያን በሰዓት ወደ 90 ዶላር አደረሱ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። በ2024 ደግሞ የቦይንግ አውሮፕላኖች ርክክብ ሲዘገይ አንዳንድ አየር መንገዶች ቅጥር ቀነሱ። ገበያው በወራት ይገለበጣል፤ አብራሪ ለማብቃት ግን ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ሥልጠና የሚጀምር ሰው የዛሬውን የቅጥር ማስታወቂያ አይቶ ብቻ ብድር መውሰድ የለበትም።

ሰዓት ምን ይለካል?

በ2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ሲከሰከስ አንዳንድ አሜሪካውያን ተንታኞች ረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ብቻ እንደነበረው አነሱ። ነገር ግን ከአራት ወር ገደማ በፊት የተከሰከሰው፣ ዓይነቱ ተመሳሳይ የሆነው የላየን ኤር አየር መንገድ አውሮፕላን አብራሪዎች እያንዳንዳቸው ከ5,000 ሰዓት በላይ ነበራቸው። በሁለቱም አደጋዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው የቦይንግ ሥርዓት በተሳሳተ መረጃ ሠርቷል።

ሰዓት ልምድን ይጠቁማል፤ ጥራቱን ግን አይናገርም። በአንድ ሜዳ ዙሪያ እየተሽከረከሩ የሞሉት ሺህ ሰዓትና በምስለ በረራ ሞተር ሲጠፋ፣ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ የተፈተኑበት ሰዓት እኩል አይደሉም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሆነ ብዙ የአውሮፓ አየር መንገዶች ጀማሪውን ከመሠረቱ ማሠልጠንን የመረጡት በዚህ እምነት ነው። ይህ መንገድ የሚያዋጣው ግን ጠንካራ ምልመላ፣ ተከታታይ ፈተናና የወደቀውን ለማቆም የሚደፍር አለቃ ሲኖር ነው።

እንግዲህ የቅጥር መስፈርቶች ሁሉ ክብደታቸው አንድ አይደለም። እንደ ዲግሪ ያለውን ገበያው ቢያላላው የበረራ ደኅንነት አይናጋም። የሰዓቱ ቁጥር በማስረጃ ሊከራከሩበት የሚገባ ነው። የብቃት ፈተናውን ግን የሰው እጥረት ሊነካው አይገባም፤ ለእጥረቱ የሚሻለው መልስ የተሻለ ክፍያና ጀማሪው የማይከስርበት የሥልጠና ብድር ነው።