ቀልብን ስለ መሰብሰብ

በዚህ እትም ላነሳው የፈለግኩት ‹ማይንድፉልነስ› ስለሚባለው የአእምሮ ልምምድ ነው። በአማርኛ አቻው ላይ የተስማማን አይመስለኝም፤ አንዳንዱ ‹ንቁ አእምሮ› ይለዋል፣ ሌላው ‹ተመስጦ›። እኔ ግን ከቤታችን ያለውን ቃል እመርጣለሁ፤ ቀልብን መሰብሰብ። ተመስጦ ካሉበት ርቆ መሄድን ያስመስላል፣ ይኸኛው ደግሞ ወዳሉበት መመለስ ነው። እናቶቻችን ‹ቀልብህን ሰብስብ› ሲሉን፣ ቀልብ የሚበተንም የሚሰበሰብም ነገር መሆኑን ያለ ሥነ ልቡና ኮርስ ያውቁታል ማለት ነው።

ርዕሱን ያስመረጠኝ ግን ኮርስ አይደለም። አንድ እሑድ ጀሞ ቤታችን እናቴ ቡና እያፈላች ማክሰኞ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ እንዳላትና አብሬያት እንድሄድ ነገረችኝ። ‹እሺ እማዬ› አልኳት። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ ሐሳቤ ግን ስልኩም ላይ አልነበረም፣ ሰኞ የማስረክበው አሳይመንት ላይ ነበር። ማክሰኞ ማታ ‹ብጠብቅህ ብጠብቅህ ስትቀር ብቻዬን ሄድኩ› ስትለኝ ነው የባነንኩት። ዓይኗ ላይ የሚያደበዝዝ ጠብታ ተደርጎላት፣ ታክሲውን በሰው እያስነበበች ነው የተመለሰችው። አልተቆጣችም። ‹እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ› ብቻ አለች።

እውነትም እሺ ብያለሁ። ማን እንዳለው ነው የማላውቀው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ‹ሳይንስ› በተሰኘው መጽሔት አንድ ጥናት አውጥተዋል። 2,250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት ባልታሰበ ሰዓት እያገኙ ‹አሁን ምን እየሠራህ ነው? ስለምን እያሰብክ ነው? ምን ይሰማሃል?› ብለው ጠየቁ። ከመልሶቹ 46.9 በመቶ ያህሉ ሐሳባቸው ከሚሠሩት ነገር ላይ እንዳልነበረ የሚያሳይ ሆነ። ሐሳባቸው የነጎደባቸው ሰዎች ደስታቸው ዝቅ ያለ ነበር። የሚገርመው፣ ደስ የሚል ነገር እያሰቡ የነጎዱት እንኳ ያሉበት ላይ ካሉት የበለጠ ደስተኞች አልነበሩም።

ልምምዱን ወደ ሕክምና ቤት ያስገባው ጆን ካባት-ዚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሕመማቸው ሥር ለሰደደባቸው ሰዎች ሥልጠና ጀመረ። መሠረቱ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ልምምድ ሲሆን፣ እሱ ግን ሃይማኖቱን ትቶ ዘዴውን ወሰደ። ከታወቁት ልምምዶቹ አንዱ ዘቢብ መብላት ነው። አንድ ፍሬ ብቻ። መጀመሪያ ታየዋለህ፣ ትዳስሰዋለህ፣ ታሸተዋለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ታኝከዋለህ። ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ቡና ትዝ አለኝ። ብረት ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ ይሰማል፣ ጭሱ በየተራ ሲቀርብልን በእጃችን ወደ አፍንጫችን እንስበዋለን፣ ሙቀጫው ይመታል፣ ጀበናው እስኪሰክን ይጠበቃል፣ ከአቦል እስከ በረካ ማንም አይጣደፍም። ቡና ማፍላት ማይንድፉልነስ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ቡና ወግ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ አንዳንዴም ሐሜት ነው። ነገር ግን ቀልብ የሚያርፍበት ቦታ በየቤታችን ተዘጋጅቶ እያለ እኛ በስልክ ላይ አጎንብሰን እናሳልፈዋለን። (የክፍለ ከተማችን ስም ‹ነፋስ ስልክ› ራሱ የሽቦ አልባ መገናኛ የድሮ መጠሪያ መሆኑን ልብ በሉ።)

ለመሆኑ እንዴት ይሠራል? ብዙ ሰው ሐሳብን ማቆም ይመስለዋል፤ አይደለም። እኔ የጀመርኩት ጠዋት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ትንፋሼን ከ1 እስከ 10 እቆጥራለሁ፤ ሐሳቤ ከሄደ ወደ 1 እመለሳለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ4 አልፌ አላውቅም። ‹እኔማ አልችልም› ብዬ ራሴን ስሰድብ፣ ስድቡም ሌላ መንጎድ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሐሳብ መሄዱ ጥፋት አይደለም፤ መሄዱን አውቆ ያለ ወቀሳ መመለስ፣ ልምምዱ እሱ ራሱ ነው። በእኛ ሙያ ደግሞ ትልቁ ነጥብ ይህ ይመስለኛል፤ ‹ፈተናው ይጥለኛል› ማለትና ‹ፈተናው ይጥለኛል የሚል ሐሳብ መጣብኝ› ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፣ ሁለተኛው እንደ ረዳቱ ‹ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!› ጩኸት መጥቶ የሚያልፍ ድምፅ ነው። ሲጋል፣ ዊልያምስና ቲስዴል ድብርት ተመልሶ እንዳይመጣ ያዘጋጁት ሕክምና በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ሁለት ነገር ሳልል ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። አንደኛ፣ አንዳንድ ጓደኞቼ ‹ይህማ በመቁጠሪያ ጸሎት ያለ ነው፣ በዚክርም አለ› ይላሉ። ትኩረትን በመሰብሰቡ ይመሳሰላሉ። ጸሎት ግን የሚነጋገሩት አለ፤ እዚህ የሚነጋገሩት የለም። ባናምታታው ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ መድኃኒት ለሁሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጎያልና ባልደረቦቹ 3,515 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 ሙከራዎች ገምግመው፣ ልምምዱ ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀል፣ ነገር ግን ከመድኃኒት ወይም ከስፖርት እንደሚበልጥ ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ወዳጅ ካላችሁ ‹ትንፋሽህን ቁጠር› ብላችሁ አትለፉት፤ ይዛችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ።

እኔ አሁን እሑድ እሑድ ስልኬን ቡፌው ላይ ትቼ ነው ቡናው አጠገብ የምቀመጠው። ቶና እስክንደርስ ሐሳቤ ብዙ ጊዜ ሄዶ ይመለሳል፣ ምን ላድርግ። ባለፈው እናቴ ስለ ቀጣዩ ቀጠሮ ስታነሳ ‹መቼ ነው ያልሽው?› ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት። ‹ኅዳር 17፣ ጠዋት 2 ሰዓት› አለች። ከዚያ ትንሽ አየት አደረገችኝና፣ ‹ለማንኛውም ጻፈው› አለችኝ።