ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

የእንጀራ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ ወርዶ ኤሌክትሪክ የሚቋረጥባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አንዳንድ ነዋሪዎች “ብሬከሩ ደክሟል” በማለት ራሳቸው ፈትተው ከፍ ያለ አምፒር ባለው ይተኩታል። ኤሌክትሪኩ መቋረጡ ይቀራል፤ አደጋው ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ያለፈውን ሽቦ ነው። 3 ሺህ 500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት መሥመር 16 አምፒር ገደማ ይስባል። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ጭነት ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ደርቦ ሲሸከም ይግላል፤ ሽፋኑም ይቀልጣል። ብሬከሩ ከሽቦው አቅም በላይ ከሆነ ኃይሉን በጊዜ የሚያቋርጥ የለምና ቤቱ ለእሳት ይጋለጣል።

መፍትሔው ለምጣዱ ብቻ የሚያገለግል፣ በተለምዶ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ያለው መሥመር ከነመሬት ሽቦው በባለሙያ ማዘርጋት ነው። እስከዚያው ነዋሪው ራሱ ማድረግ የሚችለው ጥንቃቄ አለ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ምድጃንና ካውያን መንቀል፣ ምጣድን በማራዘሚያ ገመድ አለመሰካት፣ የጠቆረ ወይም የሚግል ሶኬት አለመጠቀም። ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ ሊመረመር የሚገባው በቅድሚያ መሥመሩና የተጫነበት ዕቃ ነው።