ላፕቶፑን አስረክቦ ሄደ፤ መክፈቻውስ?

የክሊራንስ ፎርሙ ተሟልቷል። ንብረት ክፍል «ላፕቶፕ 1፣ ቻርጀር 1፣ ቦርሳ 1» ብሎ ተረክቧል፤ ፋይናንስ ፈርሟል፤ ሥራ አስኪያጁም ፈርመዋል። ሒሳብ ሠራተኛው የሥራ ልምዱን ይዞ ከወጣ ሳምንት ሆኖታል። ሰኞ ጠዋት አዲሷ ሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፑን ስትከፍት የቀድሞው ሠራተኛ ስምና ፎቶ፣ ከሥሩም የይለፍ ቃል መጻፊያ ይመጣባታል። የወሩ ግብር ማሳወቂያ ቀን ደርሷል። የፒችትሪው ዳታ ደግሞ ያለው እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። (ፕሮግራሙ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረ ዓመታት አልፈዋል፤ የእኛ ሒሳብ ሠራተኞች ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚሉት።)

በዚህ ጊዜ «ወስዳችሁ ፎርማት አስደርጉት» የሚል ሰው ከቢሮው አይጠፋም። ምክሩ ላፕቶፑን ያተርፋል፣ ዳታውን ያጠፋል፤ በሩ ስለተቆለፈ ቤቱን ከነዕቃው አፍርሶ እንደ መሥራት ነው። ስለዚህ የተቆለፈው በምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ባይነካው ይሻላል። ሁላችንም «ተቆለፈ» እንላለን እንጂ፣ በዚህ አንድ ቃል የምንጠራቸው ቁልፎች ጨርሶ የተለያዩ ናቸው።

አንደኛው የሚመጣው ማብሪያው እንደተነካ፣ የዊንዶውስ ምልክት ገና ሳይታይ ነው። ይህ የማዘርቦርዱ የራሱ የይለፍ ቃል ነው፤ የባዮስ ፓስወርድ ይሉታል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ድሮ ትንሿን ክብ ባትሪ ነቅሎ መመለስ ይበቃው ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ ላፕቶፖች በዚህ አይሸነፉም። የቲንክፓድ ዋናው የባዮስ ፓስወርድ ከጠፋ የሌኖቮ መልስ «ማዘርቦርዱን ቀይሩ» ነው።

ሁለተኛው ሁላችንም የምናውቀው የዊንዶውስ መግቢያ ነው። አካውንቱ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ የተፈጠረ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ሌላ ቦታ የሚያውቀው የለም። የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ይህን ለዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል፦ ዲስኩን ይፈቱታል፣ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያያይዙታል፣ ፋይሉን ገልብጠው ይሰጣሉ። የይለፍ ቃሉ በሩን እንጂ ግድግዳውን አይጠብቅም ነበርና። ላፕቶፑ ቆየት ያለ ከሆነ ይኸው መንገድ ዛሬም ሊሠራ ይችላል። ብቻ ባለሙያው በመጀመሪያ ፋይሉን ይገልብጥ፤ የይለፍ ቃል የማጥፋቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ነገሩን የለወጠው ሦስተኛው ቁልፍ ነው፤ ቢትሎከር ይባላል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያመጣው ሲሆን ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያመሰጥራል። ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ ያለ መክፈቻው አንድ ፋይል እንኳ አይነበብም። ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ሆን ብሎ የሚያበራው ሰው ይፈልግ ስለነበር ትንንሽ ቢሮዎች አያውቁትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ ግን አዲስ ላፕቶፕ ተከፍቶ ወይም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባ፣ ምስጠራው በራሱ ይበራል። ርካሹ ሆም የሚባለው እትምም ከዚህ አይቀርም። መክፈቻው ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ነው፤ የሚቀመጠውም በዚያው አካውንት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ። ድርጅቱ ላፕቶፑን ገዛ፣ ካርቶኑን ሳይከፍት ለሠራተኛው ሰጠው። ሠራተኛው ሲያበራው ኢሜይል ተጠየቀ። የቢሮ ኢሜይል የሚባል ነገር የለም፤ ቢኖርም የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ለመስክ ሥራ ወጥቷል። ስለዚህ የራሱን ጂሜይል አስገብቶ የማይክሮሶፍት አካውንት ከፈተ። ተንኮል የለበትም፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሆኖም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የድርጅቱ ንብረት መክፈቻ በአንድ ግለሰብ የግል አካውንት ውስጥ አደረ። እሱ ራሱ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ያን 48 አኃዝም አንድ ቀን አይቶት አያውቅ ይሆናል።

በድርጅቱ የማይክሮሶፍት 365 አካውንት ተከፍቶ ከሆነ ግን ጭንቀቱ ይቀላል። የአይቲ ኃላፊው የሄደውን ሰው የይለፍ ቃል ቀይሮ መግባት ይችላል፤ ላፕቶፑ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ፣ መግቢያው ላይም በፒን ፋንታ የይለፍ ቃል እንዲመረጥ ብቻ ያስፈልጋል። የቢትሎከሩም ቁጥር ብዙውን ጊዜ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ጥፋት የቅልጥፍና ጥፋት ነው፦ ሰውየው በወጣ ማግሥት ላፕቶፑን ከመዝገቡ የሚሰርዝ አይቲ መክፈቻውንም አብሮ ይሰርዘዋል። የተሰረዘ የሠራተኛ አካውንት በ30 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የለም።

አካውንቱ የግል ከሆነ ያለው መንገድ ስልክ መደወል ነው። ብዙ አለቆች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ በተለይ መለያየቱ በክርክር ከሆነ። እኔ ግን በዚህ ነገር ከመኩራት የሚገኝ ትርፍ አይታየኝም። ሲደወል የሰውየውን የግል የይለፍ ቃል መጠየቅ አይገባም፤ አስፈላጊም አይደለም። በጣም ጥሩው ለግማሽ ሰዓት ብቅ እንዲል ማድረግ ነው፦ ራሱ ይገባል፣ ለድርጅቱ አዲስ የአስተዳዳሪ አካውንት ይፈጥራል፣ የመክፈቻው ቁጥር ተገልብጦ ይቀመጣል፣ የራሱን አካውንት ያነሣል። እሱም ይጠቅመዋል። የቤተሰቡ ፎቶ፣ ብሮውዘሩ ውስጥ የቀሩ የይለፍ ቃሎቹ፣ ሳይዘጋው የሄደው ቴሌግራም ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ይህን ማስታወስ ከማስፈራራት ይልቅ ቶሎ ያስመጣል።

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ከሄደም ተስፋ አይቆረጥም። በስልኩ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንቱ ገብቶ ቁጥሩን ማንበብ ይችላል፤ ስድስት ስድስት አኃዝ ያላቸው ስምንት ክፍሎች ስለሆኑ በድምፅ መልእክትም ይላካል። በዚህ ቁጥር ዲስኩ ይከፈትና ፋይሉ ይገለበጣል። ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ ሥራው የባለሙያ ነው።

እምቢ ካለስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተሰናባች ሠራተኛ የሚከፈለው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል፤ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት መመለስ ካዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። የይለፍ ቃል «ንብረት» ነው ወይስ አይደለም ብሎ መከራከር ለጠበቆች መልካም ሥራ ነው፤ የግብር ማሳወቂያው ቀን ግን ያን ያህል አይጠብቅም። የሥራ ልምድ ወረቀቱን መያዣ ማድረግም አያዋጣም፤ ወረቀቱ ሕግ የሰጠው መብቱ ነው። ተበሳጭቶ የሰውየውን የግል ኢሜይል ሰብሮ ለመግባት የሚሞክር ካለ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን እንደሚቀጣ ይወቅ። ላፕቶፑ የድርጅቱ ነው፤ የግል አካውንቱ ግን አይደለም።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ ሳይሆን ማክቡክ ከሆነ አፕል የግዢ ማስረጃ ሲቀርብለት ከግለሰቡ አካውንት ጋር ያሰረውን የአክቲቬሽን ቁልፍ ሊያነሣ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ዳታ ግን አይመለስም። ስለዚህ ደረሰኙ እንዳይጣል።

መንገዱ ሁሉ ከተዘጋ ፎርማት ይደረግ። ከዚያ በፊት ግን ዳታው ሌላ ቦታ ቅጂ እንዳለው ይፈለግ። የውጭ ኦዲተሩ የዓመቱን የፒችትሪ ባክአፕ ወስዶ ነበር? ለሥራ አስኪያጁ በየወሩ በቴሌግራም ይላክ የነበረው ሪፖርት አለ? የባንክ መግለጫው ከባንኩ፣ የግብር ማሳወቂያዎቹ ከግብር ቢሮ ይገኛሉ። ከእነዚህ ተነሥቶ የጥቂት ወራት ሒሳብ እንደገና መሥራት አድካሚ ቢሆንም ይቻላል።

ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ ሲነሣ መጀመሪያ ቋንቋና አገር፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ኢሜይል ይጠይቃል። አዲሷ ሒሳብ ሠራተኛ የራሷን ጂሜይል መጻፍ ከመጀመሯ በፊት የቢሮውን ኢሜይል የያዘ ሰው አጠገቧ ይቁም።