በመደበኛ የዓይን ምርመራ ወቅት የዓይን ድርቀትን መለየት፤ የኦቾሎና የአካባቢው ሁኔታ እንደ ምሳሌ

መግቢያ

ዓይንን የሚያቃጥል፣ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁርና እንባ የሚያመጣ ሕመም በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች ተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች በየዕለቱ ያጋጥማል። ለዚህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ስያሜ ኮንጃንክቲቫይቲስ ወይም አለርጂ፣ የሚታዘዘውም የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። ሕመምተኛው ሳይሻለው ሲመለስ መድኃኒቱ በሌላ ይተካል፤ አንዳንድ ጊዜም ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ይታዘዝለታል፣ ወይም ራሱ ከመድኃኒት መደብር ይገዛል። በዚህ ምልልስ መካከል ከሕመሙ ጀርባ ሊኖር የሚችለው የዓይን ድርቀት ሳይመረመር ይቀራል።

መዘዙ ቀላል አይደለም። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ውስጥ ግፊትን ከፍ በማድረግ ለግላኮማ፣ እንዲሁም ለዓይን ሞራ ሊዳርግ ይችላል፤ በፈንገስ ወይም በሄርፒስ የተያዘ ኮርኒያንም ያባብሳል። ከዚህም በላይ ድርቀቱ ራሱ የሌላ በሽታ ጠቋሚ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው የትራኮማ ጠባሳ፣ የማይከደን ቆብ፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊኖር ይችላልና፣ ድርቀቱን አለመመርመር ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገውን ምክንያት አለማየት ይሆናል። ምርመራው ግን ውድ መሣሪያም ሆነ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው።

የእንባ ሽፋንና የድርቀት ምንነት

የዓይን ገጽ እርጥበቱን የሚጠብቀው በስስ የእንባ ሽፋን ነው። ውኃማው ክፍል ከእንባ ዕጢ፣ ቅባቱ በቆብ ጠርዝ ከተደረደሩት የማይቦሚያን ዕጢዎች፣ ሽፋኑን ከዓይን ገጽ ጋር የሚያጣብቀው ልዝብ ንጥረ ነገር ደግሞ በኮንጃንክቲቫ ላይ ከሚገኙ ጎብሌት ሴሎች ይመነጫል። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል፣ ወይም ቆብ ሽፋኑን በአግባቡ ማዳረስ ሲሳነው፣ እንባው ቶሎ ይበታተናል፤ ጨዋማነቱ ይጨምራል፤ የዓይን ገጽም ይቆጣል።

በዚህ መሠረት የዓይን ድርቀት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንባ በበቂ መጠን የማይመነጭበት፣ ሁለተኛው እንባ ቢኖርም ቶሎ የሚተንበት ነው። ሁለቱ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ተደርበው መታየታቸው የተለመደ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ የዓይን ማንባት ድርቀት አለመኖሩን አያረጋግጥም የሚለው ነው። የደረቀው የዓይን ገጽ ሲቆጣ ዕጢው በድንገት ብዙ እንባ ያፈስሳል፤ ይህ እንባ ግን ሳይረጋ ፈስሶ ያልቃል። «ዓይኔ ያነባል» የሚል ሕመምተኛ ስለ ድርቀት ሳይመረመር የሚሸኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ በገደላማ ተራራ ላይ ትገኛለች። በሕክምናው ዓለም ስሟ የታወቀው በቁንጭር ምክንያት ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ በተካሄዱ ጥናቶች ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ፣ አስተላላፊው የአሸዋ ዝንብና በገደሉ ውስጥ የሚኖረው ሽኮኮ ያላቸው ትስስር በዚያ ተመርምሯል። ቁንጭር በአብዛኛው የሚወጣው በፊት ላይ ነው። በቆብ ላይ መውጣቱ ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ቢሆንም፣ በቆብ ወይም በአጠገቡ ያለ ቁስል ሲድን የሚተወው ጠባሳ ቆቡን ወደ ውጭ ሊስበውና ዓይን ሙሉ በሙሉ እንዳይከደን ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ያለው ዓይን ሌሊቱን ሙሉ ለአየር ተጋልጦ ያድራል።

ሁለተኛው ጉዳይ በሕዝቡ ዘንድ የዓይን ማዝ ተብሎ የሚታወቀው ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት እንዳመለከተው፣ በኢትዮጵያ ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 40.1 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ተደጋጋሚ የትራኮማ ልክፈት ጠባሳ ሲተው ጎብሌት ሴሎችን ያጠፋል፣ የማይቦሚያን ዕጢዎችን ያጠባል፣ የእንባ ዕጢ መውረጃዎችንም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒት እደላው ልክፈቱን ቢቀንሰውም፣ ከጠባሳው የሚመጣው ድርቀት በጎልማሶችና በአረጋውያን ዓይን ላይ ለብዙ ዓመታት መታየቱ አይቀርም።

ከእነዚህ ሌላ የኑሮ ሁኔታም አስተዋጽኦ አለው። ጭስ መውጫ በሌለው ቤት የሚነድ እንጨት፣ በደጋው የሚነፍሰው ነፋስ፣ በቆላው በላንቴ የሙዝ እርሻዎች አካባቢ ያለው ሙቀትና አቧራ የእንባን መትነን ያፋጥናሉ። የጋሞ ሸማኔ ዓይኑን በድሩ ላይ ተክሎ ሲውል የሚርገበገብበት ጊዜ ይራራቃል። አመጋገብም ሊዘነጋ አይገባም፤ እንሰት ኃይል ሰጪ ቢሆንም በቫይታሚን ኤ የበለጸገ አይደለምና፣ ከቆጮ ጋር አትክልት፣ ወተት ወይም እንቁላል የማያገኝ ሕፃን ለዳፍንትና ለዓይን መድረቅ ይጋለጣል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

መሠረታዊው መርሕ ዓይንን የማይነካው ምርመራ ቀድሞ፣ የሚነካውና የሚያስነባው ኋላ ይሁን የሚል ነው። ቆቡን አስቀድሞ የገለበጠ ወይም የማደንዘዣ ጠብታ የጨመረ መርማሪ ከዚያ በኋላ የሚለካው የራሱን እጅ ውጤት እንጂ የሕመምተኛውን እንባ አይደለም። ምርመራው ከነፋስና ከቀጥታ ፀሐይ ራቅ ባለ ክፍል ቢደረግ ይመረጣል። የእይታ መጠን ልኬት እንደተለመደው የሁሉም መነሻ ነው።

1. መጠየቅ። በሌሎች አገሮች የተዘጋጁት የጥያቄ ቅጾች ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ሌሊት መኪና መንዳትና ስለ ባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ይጠይቃሉ። በኦቾሎ ያለች እናት ለእነዚህ መልስ የላትም። ጥያቄዎቹ በጋሞኛ፣ ከኑሮዋ ጋር ተዛምደው ሊቀርቡ ይገባል፤ ጥጥ ስትፈትል ወይም መርፌ ስታሾልክ እይታዋ ደብዘዝ ብሎ ዓይኗን ስታርገበግብ ይጠራላታልን? ጭስና ነፋስ ያብስባታልን? የሚብሰው ጠዋት ነው ወይስ ወደ ማታ? ጠዋት የሚብስ ሕመም ሌሊት ያልተከደነ ዓይንን ወይም የቆብ ጠርዝ ብግነትን፣ እየመሸ የሚብሰው ደግሞ የእንባ ማነስን ሊጠቁም ይችላል። የአፍ መድረቅና የመገጣጠሚያ ሕመም ካሉ በ1933 (እ.ኤ.አ.) ስዊድናዊው ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን የገለጸው በሽታ ይታሰባል። የሚወሰዱ መድኃኒቶችም መጠየቅ አለባቸው፤ የአለርጂ ክኒኖች፣ አሚትሪፕቲሊንና መከላከያ ኬሚካል ያለባቸው የግላኮማ ጠብታዎች ድርቀትን ያመጣሉ ወይም ያብሳሉ። ኮትራይሞክሳዞል ወይም ኔቪራፒን ወስዶ ቆዳው በሙሉ ተልጦ የነበረ ሰው፣ ቆዳው ከዳነ በኋላም ከባድ ድርቀት ሊቀርበት ይችላል።

2. ሳይነኩ ማየት። ሕመምተኛው ሲነጋገር የዓይኑ አረጋገብ ይታያል፤ ከዚያም እንደ መተኛት ቀስ ብሎ እንዲጨፍን ይደረጋል። በቆቦች መካከል የሚቀር ክፍተት የቁንጭር ጠባሳ፣ የፊት ነርቭ ሽባነት ወይም የሥጋ ደዌ ውጤት ሊሆን ይችላል።

3. የቆብ ጠርዝና የእንባ መስመር። በስሊት ላምፕ፣ ከሌለም በባትሪና በአጉሊ መነጽር፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት መኖሩ ይታያል። የተነቀለ ሽፋሽፍት ምልክትም ይፈለጋል፤ ብዙ እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ይቆያሉና። በታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ የሚታየው የእንባ መስመር በስሊት ላምፕ ሲለካ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ እንባው ማነሱን ያመለክታል።

4. የእንባ መበታተኛ ጊዜ። የፍሎረሲን ወረቀት በንጹሕ የጨው ውኃ ጠብታ ይረጥብና፣ ትርፉ ተራግፎ የታችኛውን ቆብ ውስጣዊ ገጽ በቀስታ ይነካል። ሕመምተኛው ሦስት ጊዜ ካርገበገበ በኋላ ዓይኑን ገልጦ እንዲቆይ ይደረጋል፤ በኮባልት ሰማያዊ ብርሃን የመጀመሪያው ጥቁር ነጥብ እስኪታይ ያለው ጊዜ በሰዓት ይቆጠራል። ከ10 ሴኮንድ ያነሰ ከሆነ የእንባው ሽፋን አልረጋም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አዲስ ወረቀት መጠቀም ግዴታ ነው፤ በጠርሙስ ተከፍቶ የሚቆይ የፍሎረሲን ፈሳሽ ሱዶሞናስ የተባለውን አደገኛ ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል።

5. የዓይን ገጽ መቅለም። በዚያው ፍሎረሲን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቀለም የያዙ ነጥቦች በኮርኒያና በኮንጃንክቲቫ ላይ ይፈለጋሉ። ቦታቸው ምክንያቱን ይጠቁማል። በኮርኒያ ታችኛ ክፍል በአግድም የተሰለፉ ነጥቦች ያልተከደነ ዓይንን፣ ከላይ ወደ ታች የተጫሩ መስመሮች የታጠፈ ሽፋሽፍትን ወይም በላይኛው ቆብ ሥር የተሰወረ ባዕድ ነገርን ያመለክታሉ። ባለ ሰማያዊ መስታወት ባትሪና አጉሊ መነጽር ያለው ጤና ጣቢያ ይህን ማየት ይችላል።

6. የሺርመር ምርመራ። በ1903 (እ.ኤ.አ.) በጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ሺርመር የተዋወቀው ይህ ዘዴ ዛሬም ያገለግላል። 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 35 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የማጣሪያ ወረቀት ጫፉ ታጥፎ፣ ከታችኛው ቆብ ውጫዊ አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ኮርኒያን ሳይነካ ይሰካል። ያለ ማደንዘዣ ከ5 ደቂቃ በኋላ የረጠበው ክፍል 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የእንባ ማነስ አለ። እንባው የሚተንበት ዓይነት ድርቀት ግን በዚህ ምርመራ ላይታይ ይችላል፤ ስለሆነም የወረቀቱ መርጠብ ብቻ ሕመምተኛውን ነፃ አያደርገውም።

7. መንካትና መገልበጥ። በመጨረሻ የሥጋ ደዌ ወይም የነርቭ ጉዳት ከተጠረጠረ የኮርኒያ ስሜት በቀጭን የጥጥ ጭረት ይፈተናል። የቆቡ ጠርዝ በቀስታ ተጭኖ የሚወጣው ቅባት ጥርት ያለ ነው ወይስ እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ የሚለው ይታያል። ከዚያም የላይኛው ቆብ ተገልብጦ የትራኮማ ጠባሳ ይፈለጋል።

የውጤቱ ትርጓሜ

የእንባ ሽፋንና የዓይን ገጽ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ የዓይን ድርቀት አለ ለማለት የሕመም ስሜትና ቢያንስ አንድ በምርመራ የተረጋገጠ ምልክት አብረው መገኘት አለባቸው። የሁለቱ አለመመጣጠን ግን ትርጉም አለው። ኮርኒያው በሰፊው ቀለም ይዞ ሳለ ሕመም የማይሰማው ሰው «ደኅና ነው» ተብሎ የሚሸኝ አይደለም፤ ኮርኒያው ስሜቱን ያጣ ሊሆን ስለሚችል ከሁሉም በላይ አስጊው እርሱ ነው። ውጤቱ ለቀኝና ለግራ ዓይን በቁጥር በካርዱ ላይ ቢመዘገብ ቀጣዩ መርማሪ መሻሻሉን ወይም መባሱን ያውቃል። የሞራ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ ሰው ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ድርቀት የኮርኒያን ልኬት በማዛባት የሚተከለው ሌንስ ቁጥር እንዲሳሳት ያደርጋል፣ ቀዶ ሕክምናውም ድርቀቱን ለጊዜው ያብሰዋል።

ከምርመራው በኋላ

ቀላል ድርቀት ያለበት ሕመምተኛ ከጭስ መራቅን፣ በሥራ መካከል ዓይንን ሙሉ በሙሉ ጨፍኖ ማርገብገብን፣ በሞቀ ንጹሕ ጨርቅ ቆብን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማሞቅን ይመከራል፤ ሰው ሠራሽ እንባም ይታዘዝለታል። ጠብታው በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ መከላከያ ኬሚካል የሌለው ይመረጣል። የዕፀዋት ጭማቂ ዓይን ውስጥ መጨመር ጎጂ መሆኑ በማያስቀይም ቃል ሊነገር ይገባል።

የታጠፈ ሽፋሽፍት ያለበት ሰው ጠብታ ይዞ መመለስ የለበትም፤ የሠለጠነ የትራኮማ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ መድረስ አለበት። ያልተከደነ ዓይን በቅባት እየተጠበቀ ወደ አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል ይላካል። ዳፍንት፣ የቢቶ ነጥብ ወይም የደረቀ ኮርኒያ የታየበት ሕፃን ግን የሺርመርን ወረቀት አይጠብቅም። ዕድሜው ከ12 ወር በላይ ከሆነ 200,000፣ ከ6 እስከ 11 ወር ከሆነ 100,000፣ ከ6 ወር በታች ከሆነ 50,000 ዓለም አቀፍ መለኪያ ቫይታሚን ኤ በዚያው ቀን፣ በማግሥቱና ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሰጠዋል። ኮርኒያው ከለሰለሰ አስቸኳይ ነው፤ የመጀመሪያው መጠን ተሰጥቶት ወዲያውኑ ይላካል።

ማጠቃለያ

የዓይን ድርቀት ምርመራ ለልዩ ክሊኒክ ብቻ የሚተው ተግባር አይደለም። ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ የፍሎረሲን ወረቀት፣ የማጣሪያ ወረቀትና ሰዓት ባሉበት ሁሉ በመደበኛው ምርመራ ውስጥ ሊካተት ይችላል። በኦቾሎና መሰል አካባቢዎች የምርመራው ትልቁ ጥቅም ድርቀት አለ ወይም የለም ብሎ ከመለየት ያልፋል፤ ድርቀቱን ያመጣውን የታጠፈ ሽፋሽፍት፣ ያልተከደነ ቆብና የተጎዳ ሕፃን በጊዜው እንዲገኙ ያስችላል። በመሆኑም አንድ ዓይን ለሁለተኛ ጊዜ የቅባት ማዘዣ ከመጻፉ በፊት፣ በቅደም ተከተሉ ሊመረመር ይገባል።