ምራቅ፣ ፀጉርና የወተት ጥርስ በአእምሮ ጤና ጥናት

ለአእምሮ ጤና ጥናት ከልጆችና ከወጣቶች ምራቅ፣ ደም፣ ፀጉር፣ የወለቀ የወተት ጥርስና የአንጎል ምስል ይሰበሰባል። ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመሞች የሚጀምሩት በጉርምስና ወይም በአፍላ ወጣትነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ የተወሰደ ናሙና መንስኤውን ከውጤቱ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ልጆቹን ገና በጤንነታቸው መዝግበው ለዓመታት ይከታተሏቸዋል።

በአሜሪካ የሚካሄደው ኤቢሲዲ የተባለው ጥናት የዚህ አሠራር ትልቅ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ድረስ 9 እና 10 ዓመት የሞላቸውን ከ11,800 በላይ ልጆች በ21 ማዕከላት መዝግቧል። የልጆቹ አንጎል በየሁለት ዓመቱ በኤምአርአይ ይነሳል። መሣሪያው ጠባብና ጩኸታም ስለሆነ ልጁ አስቀድሞ መሣሪያውን አስመስሎ በተሠራ ማለማመጃ ውስጥ ተኝቶ ሳይነቃነቅ መቆየትን ይለማመዳል።

እያንዳንዱ ናሙና የሚያሳየው ጊዜ የተለያየ ነው። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ከምግብና ከመጠጥ ተቆጥቦ በትንሽ ብልቃጥ ከሚያጠራቅመው ምራቅ ዲኤንኤው ይወጣል፤ በዚያች ሰዓት ያለው የጉርምስና ሆርሞን መጠንም ይለካል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከራስ ቆዳ አጠገብ የተቆረጠ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያለፉትን ሦስት ወራት ይዟል፤ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶልም ሆነ የተወሰደ አደንዛዥ ዕፅ ርዝራዡ እዚያ ይገኛል። የወተት ጥርስ ደግሞ ከሁሉም ርቆ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሠራት የሚጀምረው በማህፀን ነውና፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት የተደራረቡት መስመሮቹ ልጁ ከመወለዱ በፊትና በሕፃንነቱ ወደ ሰውነቱ የገባውን እርሳስን የመሰለ መርዛማ ብረት ይጠቁማሉ።

ከአንድ ብልቃጥ ምራቅ ግን የአንድን ልጅ ዕጣ መናገር አይቻልም። ብቻውን ድባቴን የሚያመጣ ዘረ መል የለም፤ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የዘረ መል ልዩነቶች ከኑሮ ሁኔታ ጋር ተደምረው ነው ተጋላጭነትን የሚጨምሩት። ይህ የሚታየው የብዙ ሺህ ሰዎች መረጃ ሲነጻጸር ነው። እስካሁን የተከማቸው የዘረ መል መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተገኘ በመሆኑ ውጤቱ ለሌላው ሕዝብ በእኩል አይሠራም። ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከአዋቂዎች ምራቅ የሰበሰበው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

ናሙና ከመወሰዱ በፊት ወላጅ በፊርማው ይፈቅዳል፤ ልጁም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ይሁንታውን ይሰጣል። ወላጅ ቢፈቅድም ልጁ እምቢ ካለ ሊገደድ አይገባም። በናሙናው ላይ በስም ፋንታ መለያ ቁጥር ይጻፋል። ይሁን እንጂ ዲኤንኤ ከወላጅና ከወንድም እህት ጋር የሚጋሩት ስለሆነ ቁጥር ብቻውን ማንነትን ሙሉ በሙሉ አይሸሽግም፤ በመሆኑም መረጃውን የሚጠቀም ተመራማሪ የማንንም ማንነት ላለመፈለግ በውል ይታሰራል።

ናሙናው በማቀዝቀዣ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ፈቃዱ እንደገና ይጠየቃል። ከጥናቱ ከወጣ የተረፈው ናሙና ሊወገድለት ይችላል፤ ለተመራማሪዎች የተሠራጨውን መረጃ መልሶ መሰብሰብ ግን አይቻልም። ይህ ለልጁም ለወላጁም ሊነገር የሚገባው ብልቃጡ ከመሰጠቱ በፊት ነው።