ስለ ኢምቤድድ ሶፍትዌር መሣሪያዎች የሚወራውና እውነታው

ከጅቡቲ የሚመጣው የጭነት መኪና መንገድና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ በሚደርሱበት በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያልፍ ሰው፣ ከኮንቴይነሮቹ መካከል የሚያቀዘቅዘውን ለይቶ ልብ ብሎ ቢመለከት፣ በማሽኑ ፊት የውስጡን ሙቀት በቁጥር የምታሳይ ትንሽ ስክሪን ያያል፤ ከዚያች ስክሪን በስተኋላም ቀንና ሌሊት ሙቀቱን እየለካች ማቀዝቀዣውን የምታስነሣና የምታሳርፍ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ማይክሮኮንትሮለር ተቀምጣለች። በየቤታችን ያለው የቅድመ ክፍያ የመብራት ቆጣሪ፣ የጭነት መኪናው የሞተር መቆጣጠሪያ፣ ዲጂታሉ ሚዛን፣ እነዚህ ሁሉ የሚታዘዙት በእንዲህ ያለች ቺፕ ውስጥ በተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ይህም ኢምቤድድ ሶፍትዌር ይባላል። የከተማችን ወጣት ይህን ሁሉ ዕለት ዕለት በዐይኑ እያየ፣ ሥራው ግን ለሌላ አገር ሰው የተሰጠ ሀብት መስሎ እንዲታየው ያደረጉት፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ ጥቂት ወሬዎች ናቸው።

«ውድ ላቦራቶሪና ትልቅ ተቋም የሌለው ሰው አይጀምረውም» የሚለው ከሁሉ ይልቅ ብዙውን ከደጅ ያስቀረ ነው። ቀድሞ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ የነበረው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በጎረቤት መገኘቱ ለአካባቢያችን ታላቅ ጸጋ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ይሁን እንጂ ሙያው የሚጀመርባቸው መሣሪያዎች በማንም ግቢ አልተቈለፉም። የምንጽፈውን ኮድ ቺፑ ወደሚቀበለው ትእዛዝ የሚለውጠው ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር፣ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ለዓለም ሁሉ ከለቀቀው ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር በኢቭሬያ ከተማ የተጀመረው አርዱይኖም ይህንኑ ኮምፓይለርና ኮዱን ወደ ቺፑ የሚያወርደውን ፕሮግራም አጣምሮ ለጀማሪ አቀረበ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ባለ ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ፣ ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ጃምፐር ገመድ፣ ሬዚስተርና ኤልኢዲ፣ እንዲሁም ርካሽ ቴስተር ብቻ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው ይቆማል የሚሉም አሉ፤ ሶፍትዌሩና የቦርዱ ጥቅል አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ግን መጻፉም ሆነ ቺፑ ላይ መጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይከናወናል። ኢኤስፒ32 የተባለው ሌላ ቦርድ የሚጠይቀው ጥቅል በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ላፕቶፑን ይዞ ጥሩ ዋይፋይ ወዳለበት መሄድና አውርዶ መመለስ ይበቃል። መብራት ቢጠፋም እንኳ ቦርዱ ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ስለ ሆነ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ሥራው አይቋረጥም።

«አርዱይኖ የልጆች መጫወቻ ነው» የሚለውን ደግሞ የሚናገሩት፣ አሳዝኖኝ እላለሁ፣ ብዙ ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው። በአርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለችው ቺፕ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማኅደርና 2 ኪሎባይት የሥራ ማኅደር ሲኖራት በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ የመራው የአፖሎ ኮምፒዩተር የሥራ ማኅደሩ ወደ 4 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነበረ፣ የልቡም ምት ከዚህች ቺፕ እጅግ የዘገየ ነበር። እንግዲህ ትንሽነቷ የሚያስንቃት አይደለም። በወሬው ውስጥ ያለችው የእውነት ቅንጣት ሌላ ናት፤ አርዱይኖ የቺፑን ውስጣዊ ሥርዓት ለጀማሪው ስለሚሸፍንለት፣ ኮድ ከዚህም ከዚያም እየቀዳ ሽፋኑን ሳይገልጥ ዓመታት የሚቆይ ተማሪ፣ ፊደሉን ሳይለይ በጆሮው ብቻ ዳዊት እንደሚደግም ሕፃን፣ ያልለመደው ገጽ ሲገለጥበት ይደናገራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ኮዱ ስሕተት ከሌለበት ይሠራል» የሚለው እምነት ነው፤ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ፕሮግራም መጻፍ የለመደ ሰው ይህን ይዞት ይመጣልና። ኮምፓይለሩ ኮዱን ያለ አንዳች ነቀፋ ይቀበለዋል፤ ተማሪው «አፕሎድ» የሚለውን ሲጫን ግን ቦርዱ የተሰካበት ፖርት የሚባለው በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ቦርዱ ተበላሸ ብሎ ከመደምደም በፊት ገመዱን መጠርጠር ይገባል፤ ከስልክ ቻርጀር ጋር ከሚመጡት ገመዶች አንዳንዶቹ ኃይል የሚያሳልፉትን ሽቦዎች ብቻ እንጂ መረጃ የሚያሳልፉትን አልያዙምና፣ የቦርዱ መብራት እየበራ ላፕቶፑ ቦርዱን ላያውቀው ይችላል። ገመዱ ደኅና ከሆነ፣ ቀጥሎ በርካሾቹ ቦርዶች ላይ የሚገኘውን ሲኤች340 የተባለውን የዩኤስቢ ቺፕ መመልከትና ድራይቨሩን መጫን ነው። ፖርቱ ታይቶ መጫኑ ሲከሽፍ በአርዱይኖ ናኖ ላይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኮዱን ተቀብሎ በቺፑ ውስጥ የሚያስገባው ትንሽ ፕሮግራም፣ የቡትሎደሩ፣ ምርጫ ስለ ሆነ፣ ከምርጫው «ኦልድ ቡትሎደር» የሚለውን መሞከር ነው። ኮዱ ተጭኖ ቦርዱ የሚልከውን መልእክት በሚያሳየው መስኮት፣ በሲሪያል ሞኒተሩ ላይ፣ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ፊደል ቢፈስስ ደግሞ፣ ኮዱ በ9600 ፍጥነት ሲናገር መስኮቱ በ115200 እያዳመጠው እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል። እንዲህ አንዱን ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ እየለዩ፣ ሁለት ነገር በአንድነት ሳይለውጡ ወደ ጥፋቱ መድረስ የሙያው እውነተኛ መሠረት ነው፤ ጀማሪው የመጀመሪያዋን ኤልኢዲ ለማብራት ቀኑን ሙሉ ቢደክም፣ ያ ቀን የከሰረ እንዳይመስለው ከልብ እመክረዋለሁ።

«ፕሮቲየስ ላይ ከሠራ በእጅም ይሠራል» የሚለው የዚሁ እምነት ወንድም ነው። ፕሮቲየስ ቦርዱንና ሽቦውን በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው፤ እንዲህ ያለው ሲሙሌሽን ለመማር መልካም መንገድ ነው፤ ቦርድ ለሌለውም ታላቅ ረድኤት ነው። ነገር ግን በዚያ ውስጥ ያላላ ጃምፐር የለም፤ ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ብረቶቹ ለጥቂት ሚሊሴኮንድ እየነጠሩ አንዱን መጫን እንደ ብዙ የሚያስቆጥሩበት ጠባይም፣ ሆን ብለው ካላስገቡት፣ አይታይም። የኢኤስፒ32 እግሮች ለ3.3 ቮልት እንጂ ለ5 ቮልት የተሠሩ አለመሆናቸውን ረስቶ የ5 ቮልት ሴንሰር በቀጥታ ያገናኘ ተማሪ በእውነተኛው ዓለም ቺፑን ሊያጣ ይችላል። ለመቂና ለዝዋይ አትክልት ገበሬ የአፈሩን እርጥበት እየለካ ፓምፕ የሚያስነሣ መሣሪያ ለመሥራት የሚመኝ ወጣት፣ ፀሐዩንና አቧራውን፣ የፓምፑ ሞተር ሲነሣና ሲቆም የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ሁከት በየትኛውም ስክሪን ላይ አያገኘውም፤ እርሻው ላይ ቆሞ ይማረዋል እንጂ።

ለቺፑ ትእዛዝ ቅርብ የሆነውን አሴምብሊ የተባለውን ቋንቋ ሳያውቁ አይጀመርም የሚባለውም ለብዙው ሥራ እውነት አይደለም፤ ሲ ቋንቋ ይበቃል፣ በማይክሮፓይተን መጀመርም ነውር የለበትም። ኦሲሎስኮፕም ለመጀመሪያው ጊዜ ግዴታ አይደለም፤ ቴስተርና የሲሪያል መልእክት ሩቅ ያደርሳሉ፣ ኋላም ርካሹን ባለ 8 ቻነል ሎጂክ አናላይዘር ፐልስቪው ከተባለው ነጻ ፕሮግራም ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ኤልኢዲዋ መብራትና መጥፋት ከጀመረች በኋላ፣ ሌላ ቦርድ ከመግዛት አስቀድሞ ዳታሺት የተባለውን የቺፑን መግለጫ ሰነድ ማውረድ ይገባል። በመቶዎች የሚቆጠር ገጹ አያስፈራ፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማንበብ አያስፈልግምና፣ ስለ ግቤትና ውጤት ፖርቶች የሚናገረውን ምዕራፍ ብቻ መክፈት ይበቃል። የኡኖ 13ኛው እግር በፖርት ቢ ውስጥ ቁጥር 5 የተሰጠው ቢት ነው፤ ጀማሪው በዚያ ምዕራፍ ዲዲአርቢ የተባለው ሬጂስተር የእግሩን አቅጣጫ፣ ፖርትቢ የተባለው ደግሞ የሚወጣበትን ቮልቴጅ እንደሚወስን ያነብባል፤ ከዚያም ዲጂታልራይት የሚለውን የአርዱይኖ ትእዛዝ ሰርዞ፣ በሁለቱ ሬጂስተሮች ላይ ያችን አንዲት ቢት በራሱ እጅ ጽፎ ያንኑ ኤልኢዲ ያበራል።