የመጀመሪያው ግምት ሲያሳስት

በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቀው በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖር አንድ አርሶ አደር እናስብ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄዶ ከተመለሰ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ አሁን ትኩሳት ይዞታል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ በሐኪሙ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ወባ ነው። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚፈጠረው ሐኪሙ በመጀመሪያ ግምቱ ረክቶ ሌላ በሽታ መፈለጉን ሲተው ነው።

ይህ ከእውቀት ማነስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። አእምሯችን ነገሮችን ቶሎ ለመወሰን አቋራጭ መንገድ ይመርጣል። በቅርቡ ደጋግመን ያየነው በሽታ ቀድሞ ይታወሰናል፤ ግምታችንን የሚደግፈውን ምልክት አጉልተን የሚቃወመውን እናልፈዋለን። ወረፋው ሲረዝምና ድካም ሲበረታ ደግሞ ስህተቱ ይብሳል።

በክልላችን የደረሰ አንድ እውነት እንጥቀስ። በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ የበርካታ ሰዎች ትኩሳት መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሽታው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላአዛር መሆኑ ታወቀ። ካላአዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በመተማና በሁመራ ቆላማ አካባቢዎችም ይገኛል።

ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ሐኪሞች ስለ አስተሳሰብ ስህተት ያላቸውን አመለካከት በመጠይቅ የሚለኩት። «ይህ ስህተት እኔንም ሊያጋጥመኝ ይችላል?»፣ «ባልደረባዬን ማማከር ያሳፍረኛል?» የመሳሰሉት ጥያቄዎች ዋጋ አላቸው። ስህተት የሌላው ሐኪም ብቻ የሚመስለው ባለሙያ ውሳኔውን መለስ ብሎ አይፈትሽምና። የዓለም ጤና ድርጅትም መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከበረውን የታካሚዎች ደኅንነት ቀን በበሽታ ልየታ መሻሻል ላይ እንዲያተኩር አድርጓል።

የላቦራቶሪ ውጤትም ቢሆን ማመዛዘን ይፈልጋል። ለታይፎይድ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ የሚያሳየው ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህም ከቀድሞ ሕመም የቀረ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ ብቻውን የዛሬውን ትኩሳት መንስኤ አያረጋግጥም።

እርስዎስ ምን ማድረግ ይችላሉ?

አንደኛ፣ «ወባዬ ተነሳብኝ» ብለው አይጀምሩ። ምን እንደሚሰማዎትና መቼ እንደጀመረ ይናገሩ።

ሁለተኛ፣ በቅርብ ወራት የት እንደነበሩ፣ ከፋርማሲ ገዝተው የዋጡትንም መድኃኒት ጭምር ይግለጹ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና።

ሦስተኛ፣ «ዶክተር፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በስንት ቀን ካልተሻለኝ ልመለስ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያግዘዋል።

አራተኛ፣ ካልተሻለዎት ሌላ መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ የቀድሞ ውጤትዎን ይዘው ይመለሱ። በተለይ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ክብደትዎ ከቀነሰና በግራ በኩል ሆድዎ ካበጠ የመተማ ወይም የሁመራ ጉዞዎን ሳይናገሩ አይውጡ።

ትኩሳት ያለበት ሰው ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ፣ ከቃዠ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ቀን ሳይቆጥሩ ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት።